አርባ ሰባት ፐርሰንት

ባለታክሲው ሶኬት የቻርጁን ገመድ ነቅሎ ለሦስተኛ ጊዜ ሰካው። ማሽኑ አልበራም። ጎኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ ጆሮውን አስጠግቶም አዳመጠ። ከውስጡ ምንም ድምፅ የለም። የሰው ቁመት የሚያክል አዲስ ነጭ ማሽን ነው፤ መስታወቱ ላይ ያለው ስስ ላስቲክ እንኳ ገና አልተላጠም።

"እሱ እኮ አይሠራም፣" አለ የሆቴሉ ዘበኛ ከወንበሩ ሳይነሳ።

"እንዴት አይሠራም? ከትናንት ወዲያ ደውዬ ነበር። የመኪና ቻርጅ አላችሁ ወይ ብዬ ስጠይቅ፣ ስልክ ያነሳችው ልጅ 'አለ' አለችኝ።"

"ይኸው አለ አይደል?" ዘበኛው በአገጩ ወደ ማሽኑ ጠቆመው። "ይሠራል ወይ ብለህ ጠየቅካት?"

ሶኬት ገመዱን ወደ ቦታው መለሰው። እውነትም አልጠየቀም።

"ትራንስፎርመሩ ከተቃጠለ ሦስት ሳምንቱ ነው። ሆቴሉ ራሱ በጄኔሬተር ነው ያለው፣ እሱም አምፖል ለማብራት ያህል።"

ከመኪናዋ ውስጥ፣ በተከፈተው መስኮት በኩል፣ የአማቱ ድምፅ መጣ። "ምን ይላል ሰውየው?"

"ምንም አይደል እማማ፣ ትንሽ ጠብቁኝ።"

"'ምንም አይደል' ስትል ሁልጊዜ አንድ ነገር አለ።"

ሶኬት ወደ መኪናዋ ተመልሶ በተከፈተው በር ጎንበስ ብሎ ሰሌዳውን አየ። ሃያ አራት ፐርሰንት። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ሊነጋጋ ሲል ከቤታቸው ተነስተው መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ተጉዘዋል፤ ሚስቱ ያለችበት ከተማ ለመድረስ መቶ ሃያ ይቀራቸዋል። በቀረው ቻርጅ አርባ ቢሄድ ነው።

ሶኬት ያሉት አብረውት ታክሲ የሚነዱት ጓደኞቹ ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት አሮጌ የቤንዚን መኪናውን ሸጦ፣ የሚስቱን ቁጠባ ጨምሮበት ይህቺን የኤሌክትሪክ መኪና ከገዛ ወዲህ፣ ሻይ ቤት ይግባ ለቅሶ ቤት መጀመሪያ ዓይኑ የሚሄደው ግድግዳ ሥር ነው። "ይሄ ሰው ሰላም የሚለው ሰውን ነው ሶኬትን?" አለ አንዱ፤ ስሙም በዚያው ጸና። እሱም አልከፋውም። እነሱ ነዳጅ ማደያ ደጃፍ ተሰልፈው ሲያድሩ እሱ ቤቱ ይተኛል፤ ዘይት ቀይር፣ ፊልትሮ ለውጥ የሚለው የለም። እርግጥ ሻጩ ያልነገረው ብዙ ነገር ነበር። ለቻርጁ ብቻ ከቆጣሪው ሌላ ወፍራም መስመር ማስዘርጋት ነበረበት። መኪናዋ ከባድ ስለሆነች ጎማ ትጨርሳለች። የፊት መብራቷ ሲሰበር ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ አራት ወር በአንድ ዓይን ነድቷል። ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ትሄዳለች የተባለላት ባትሪ ደግሞ ዛሬ መቶ ሰባ ከሄደች ተመስገን ነው። ባትሪ ማስቀየሪያውን ጋራዥ ጠይቆ ዋጋውን ለሚስቱ በስልክ ሲነግራት፣ "ታዲያ መኪናውን ምርቃት ነው የሚሰጡን?" ብላ ሳቀች።

ያኔ ስቀዋል። ለከተማ ሥራ መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር ይበቃል። ችግሩ ሚስቱ ከተማ ውስጥ አለመሆኗ ነው።

ሚስቱ አዋላጅ ነርስ ናት። ዓመት ከሁለት ወር ሆናት ወደዚያ ትንሽ ከተማ ከተዛወረች፤ በጤና ጣቢያው ውስጥ ሌላ አዋላጅ ስለሌለ ፈቃድ በጠየቀች ቁጥር "ተተኪ ይምጣና" ይሏታል። በአሮጌዋ መኪና ቢሆን ቁርስ በልቶ ተነስቶ ለምሳ ይደርስ ነበር። ያቺን መኪና ሲሸጥ ያን መንገድ አብሮ መሸጡ መቼ ታወቀው! በሁለት ወር አንዴ በአውቶቡስ ይሄዳል፤ አንድ ሌሊት አድሮ ይመለሳል። በቀረው ጊዜ መኪናዋን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ይገባና በሚስቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ ይተኛል። እሱ በሚተኛበት በኩል ከተኛ፣ ባዶው ቦታ ዓይኑ ሥር ይሆንበታል።

እማማ ግን በአውቶቡስ መሄድ አይችሉም። የዳሌያቸው አጥንት ከተሰነጠቀ ወዲህ አንድ ደረጃ ለመውጣት ሁለት ሰው ይፈልጋሉ። ስለዚህ ልጃቸውን ካዩ ዓመት ከሁለት ወር ሆናቸው። እንዲህ እንዳሉ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ሶኬት የዓይን ሐኪም ቤት ወሰዳቸው። ሐኪሟ በብዙ መሣሪያ ካየቻቸው በኋላ የዓይን ግፊት መሆኑን ነገረቻቸው፤ የሄደው ብርሃን አይመለስም፣ በቀረው ላይ ጠብታ እንሞክራለን፣ ግን በጣም ቆይታችኋል አለች። ያኔም ቢሆን የሚያዩት ፊት ለፊታቸው ያለውን ብቻ ነበር፤ ሲመሽ ደግሞ እሱም ይጠፋባቸዋል። ምን ያህል ጊዜ ይቆያል ብሎ ሶኬት ለብቻዋ ሲጠይቃት፣ "ወራት፤ ምናልባትም ከዚያ ያነሰ" አለችው።

እማማ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ክንዱን ይዘው ቆሙ። "ለልጅቷ እንዳትነግራት። ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፣ ኋላ ይጸጽታታል።"

"እሺ እማማ።"

"ግን ውሰደኝ። በብርሃን ልያት።"

መኪና ሊከራይ ሞከረ። ከነነዳጁ የጠየቁት የወር ገቢውን ነው፤ እሱም ነዳጁ ከተገኘ። ቀኑ ደግሞ አይገፋም። ሚስቱ ነገ ሊነጋጋ ሲል ከክትባት ቡድን ጋር ከወንዙ ማዶ ወዳሉት መንደሮች ትሄዳለች፤ ዝናቡ ከጀመረ መንገዱ ስለሚቆረጥ ለወራት እዚያው ልትቆይ ትችላለች። ያላቸው ይህቺ አንድ ከሰዓት ብቻ ናት።

"ስማኝማ፣" አለ ዘበኛው፣ የሶኬትን ፊት አይቶ ሳያዝንለት አልቀረም። "ከዚህ አራት ኪሎ ሜትር ወደፊት ወፍጮ ቤት አለ። የነሱ መስመር ሌላ ነው። ሴትየዋ ግን ኃይለኛ ናት፤ አነጋገርህን አሳምር።"

*

ባለወፍጮዋ ቅንድቧ ድረስ ዱቄት የነሰነሰባት ወፍራም ሴት ናት። ሶኬት ተንቀሳቃሽ ቻርጀሩን ይዞ እስኪያስረዳት እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰማችው።

"መኪና ልሙላ ነው የምትለኝ? ከወፍጮ?"

"ከሶኬቱ፣ እህቴ። እከፍላለሁ።"

"ሃያ ሰው ተሰልፎብኛል። ይኸው ሰካው፤ የኔን ሥራ ካወከብኝ ግን እነቅለዋለሁ።"

ሰካው። ቻርጀሩ አረንጓዴ አበራ፤ የሶኬትም ልብ አብሮ በራ። ሁለት ደቂቃ አልቆየም፤ ወፍጮው ሲነሳ የመብራቱ ኃይል ወረደና ቻርጀሩ ቀይ ሆኖ ቆመ። እንደገና አስነሳው፣ እንደገና ቆመ። ኩንታል ሲያልቅና ሌላው እስኪፈስ ባለው ክፍተት ትንሽ ይገባል፤ ወፍጮው ሲነሳ ይጠፋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ከአንድ ሰዓት በላይ ሄደ፤ ሰሌዳው ላይ የጨመረው አራት ፐርሰንት ብቻ ነው።

እማማን ጥላ ሥር አግዳሚ ላይ አስቀምጧቸዋል። ተራ ከሚጠብቁት ሴቶች ጋር ጨዋታ ይዘዋል።

"ልጅዎ ነው?" አለች አንዷ።

"አማቼ ነው። ልጄን ሲያገባት በእግሩ ነበር የሚሄደው፤ የትም ይደርስ ነበር። አሁን መኪና ገዛና የትም አይደርስም።"

ሴቶቹ ሳቁ። ሶኬትም ሳቀ።

ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ናት። ወፍጮው እንዳይሰማ ወደ መንገዱ ሮጦ አነሳው።

"የት ደረሳችሁ?"

"መንገድ ላይ ነን። ትንሽ ቻርጅ እያደረግን ነው።" ከድምፅዋ በስተኋላ ገና የተወለደ ሕፃን ያለቅሳል። "ሥራ ላይ ነሽ?"

"አሁን ጨረስኩ። ሴት ናት፣ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። ከሌሊት ጀምሮ ቁጭ አላልኩም፤ ግን ደህና ነኝ። ቤቱን ጠርጌ፣ ለእማዬ አልጋውን ዝቅ አድርጌ፣ ወንበር በር ላይ አውጥቻለሁ። ከዚያ መንገዱ ይታያል። ከአሁን በኋላ ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው።"

"ሊመሽብን ይችላል፣" አለ።

"ይምሽ እንጂ፤ ምን ችግር አለው? ማታ ብትደርሱስ ያው አይደል? ብቻ ቀስ ብለህ ንዳ።"

የእማማ ዓይን ነገር ምላሱ ጫፍ ላይ መጣበት፤ ዋጠው። "እሺ፣" አለ። "ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።"

ሲመለስ ባለወፍጮዋ ለእማማ ሻይ አምጥታ ነበር። ብርጭቆውን ከጎናቸው ዘረጋችላቸው። እማማ ድምፅዋን ተከትለው እጃቸውን ሰደዱ፤ ብርጭቆውን አልፎ አየር ጨበጠ። እንደገና ሰደዱ። ሦስተኛው ላይ ፊታቸውን አዙረው በቀጥታ ሲያዩት ያዙት። "እግዜር ይስጥሽ፣ ጥሩ ሻይ ነው" አሉ፣ ገና ሳይቀምሱት።

ባለወፍጮዋ ሶኬትን በክንዱ ይዛ ከወፍጮው ጀርባ ወሰደችው።

"እኒህ ሴት አያዩም እንዴ?"

ለማንም አልተነፈሰም ነበር። ለዚች ስሟን እንኳ ለማያውቃት ሴት ግን ተናገረው፤ ሐኪሟ ያለችውን፣ ሚስቱ ነገ እንደምትሄድ፣ እማማ ከመሸ እንደማያዩ።

"ስንት ነው የሚበቃህ?"

"ሃምሳ አምስት ፐርሰንት ባገኝ ያለ ሐሳብ እገባለሁ። መጨረሻው ላይ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ቁልቁለት አለ፤ እሱ አይበላም፣ እንዲያውም ይመልሳል። ሌላውን ነው የምፈራው።"

"ስንት አለህ?"

"ሃያ ሰባት።"

ሴትየዋ እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ሄዳ የወፍጮውን ማብሪያ ወደ ታች ጎተተችው። ድምፁ እየሞተ ሲሄድ የወፎች ጩኸት ተሰማ።

"ምነው?" አለ ከሰልፉ አንድ ሽማግሌ።

"ምሳ ሰዓቴ ነው።"

"በዚህ ሰዓት መቼ በልተሽ ታውቂያለሽ?"

"ዛሬ ራበኝ። የቸኮለ ማዶ ሄዶ ያስፈጭ።"

የቻርጀሩ አረንጓዴ መብራት ሳይቋረጥ በራ። ሶኬት መኪናዋ ውስጥ ተቀምጦ ቁጥሯን ይጠብቃል። ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ። ሕይወቱን ሙሉ ቁጥር እንዲህ ሲጠብቅ አያውቅም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሠላሳ ስድስት ላይ ሲደርስ የአካባቢው መብራት ጠፋ፤ የሰልፉ ሰዎች "ኧረ ምን ጉድ ነው!" አሉ፤ እሱ ከመኪናዋ ወርዶ መንገዱ ዳር ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ መብራቱን ሲጠብቅ የቀኑ እኩሌታ አለፈ። ወደ ሚስቱ ከተማ የሚሄዱ አውቶቡሶች የሚያልፉት ጠዋት ብቻ ነው። ሁለት የጭነት መኪናዎችን አስቆመ፤ ሁለቱም ጋቢናቸው ከሰው ደረት በላይ ነው። እማማን እዚያ ላይ ማውጣት የማይታሰብ ነው።

መብራቱ ሲመለስ ባለወፍጮዋ ሰልፈኛውን ሁሉ ገትራ መጀመሪያ ለሱ ሰጠችው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ሰሌዳው አርባ ሰባት አለ። ፀሐይዋ አሥራ ሁለት ሰዓት አልፎ ትገባለች። ባትሪ ለመቆጠብ ቀስ ማለት አለበት፤ ቀስ ካለ ደግሞ ይመሻል። ሃምሳ አምስትን ከጠበቀ በጨለማ ይደርሳል። አሁን ከተነሳ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል።

ገመዱን ነቀለው።

"ስንት ልክፈል?"

"እኔ መብራት ሸጬ አላውቅም። አንድ ኩንታል እንዳስፈጨህ ክፈለኝ።" ሂሳቡን ተቀብላ ወደ እማማ መስኮት ጎንበስ አለች። "እናቴ፣ ልጅዎን ሰላም ይበሉልኝ።"

እማማ ፊታቸውን አዙረው አተኩረው አዩዋት። "ምን ያህል ነጭ ሴት ነሽ!" አሉ፤ ባለወፍጮዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

*

በሰዓት አርባ አምስት ኪሎ ሜትር፣ ማቀዝቀዣው ጠፍቶ፣ ነፋሱ መኪናዋን እንዳይጎትታት መስኮቱ ተዘግቶ ይሄዳሉ። ላብ በጀርባው ይወርዳል። ከኋላ የሚመጣው ሁሉ ጥሩምባ እየነፋ ያልፈዋል።

"ስንት አለ?" ይላሉ እማማ በየጥቂቱ።

"አርባ አንድ።"

"እንዴት እንደሚታየኝ ታውቃለህ? ሰው በቧንቧ ውስጥ አጮልቆ እንደሚያይ ነው። አንተን ሳይ ጆሮህ ይጠፋል፤ ጆሮህን ሳይ አፍንጫህ ይጠፋል።"

"አፍንጫዬ ቢጠፋ አይጎዳም።"

"እሱስ እውነት ነው።" ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። "የልጄን ፊት እኮ አውቀዋለሁ። ስትወለድ፣ ትምህርት ቤት ስትገባ፣ ስትዳር፣ ሁሉም አለኝ። የዛሬውን ግን አላውቀውም። ሰው በዓመት ይለወጣል። ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ ከስታም ይሆናል፣ ሽበትም አውጥታ ይሆናል። ከዚህ በኋላ በልቤ ይዤው የምኖረው ፊት የዱሮው እንዲሆን አልፈልግም። ስታወራኝ የማወራው ከዛሬዋ ጋር እንዲሆን ነው።"

ሶኬት መሪውን አጥብቆ ያዘ።

"አንተስ?" አሉት። "አንተ ምኗ ነው የሚናፍቅህ?"

"ኧረ እማማ!"

"ምን 'ኧረ' ይለኛል! አማትህ ነኝ እንጂ መነኩሲት አይደለሁ።"

መንገዱን እያየ አሰበ። "ጠዋት ቁልፍ ስትፈልግ፣" አለ በመጨረሻ። "ቦርሳዋን አልጋው ላይ ዘርግፋ፣ እኔ ላይ እየተነጫነጨች፣ 'የት አደረግክብኝ' እያለች። ሁልጊዜ ኮቷ ኪስ ውስጥ ነው የሚገኘው። አሁን ቤቱ ውስጥ ምንም ነገር አይጠፋም። ያስቀመጥኩት ሁሉ ያስቀመጥኩት ቦታ ላይ ነው የሚገኘው።"

የእማማ እጅ ፈልጎ ፈልጎ ክንዱን አገኘና መታ መታ አደረገው።

ዳገቱ ቁጥሩን እንደ በረዶ አቀለጠው። ሠላሳ፣ ሃያ ሁለት፣ አሥራ አምስት። ተራራው አናት ላይ ሲወጡ ዘጠኝ ፐርሰንት ቀርቶ ነበር። ከዚያ መንገዱ ወደ ታች ተገለበጠ። ሶኬት እግሩን አነሳ፤ መኪናዋ በገዛ ክብደቷ ወረደች፤ ቁጥሩም ቀስ እያለ ወደ ላይ ይሄድ ጀመር።

"አሥር!" አለ። "እማማ፣ አሥራ አንድ!"

"ቁልቁለት ላይ የሚጠግብ መኪና አሁን ገና አየሁ፣" አሉ እማማ፤ ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ሆኗል።

ሜዳው ላይ ሲደርሱ አሥራ አራት ነበር። ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ይቀራል። በአዲስ ባትሪ ይበቃ ነበር። ያረጀ ባትሪ ግን መጨረሻው ላይ ሲደርስ አይታመንም፤ አሥራ አራቱ አሥር ሆነ፣ አሥሩ በአንድ ጊዜ ስድስት ሆነ። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ሲቀር አምስት ላይ ወረደና ሰሌዳው ላይ የዝግታ ምልክት የሆነች ትንሽ ቢጫ ኤሊ ታየች። መኪናዋ ጉልበቷ ከዳት፤ ቢረግጣትም ከሃያ በላይ አልሄድ አለች።

ሶኬት ፀሐይዋን አየ። ከኮረብታው ጫፍ በላይ አንድ ጣት ያህል ናት። ከፊት ለፊት፣ ከተማው ባለበት በኩል፣ ተራራው ጥላውን ጥሎ ቤቶቹን ሁሉ ሸፍኗቸዋል። እዚያ ቀድሞ መሽቷል። በኤሊዋ ፍጥነት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። አምስቷ ፐርሰንት ምናልባት ትበቃለች። ቀኑን ሙሉ የለመናት፣ ላቡን ያፈሰሰላት፣ ሰው ያስቸገረባት ነገር ይኸው እጁ ውስጥ ናት፤ ታደርሰው ይሆናል፤ የሚደርሰው ግን ጨለማ ውስጥ ነው።

መንገዱ በሚታጠፍበት፣ ብርሃኑ ገና ቀጥ ብሎ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ፍሬን ያዘ። ቁልፉን አዞረ። ሰሌዳው ከነኤሊው ጠፋ።

"ምነው ቆምን?" አሉ እማማ።

"አለቀ።"

"አለቀ?" ፊታቸውን ወደ ጠፋው ሰሌዳ አዞሩ። "እንግዲህ..."

"ቆይ እማማ።" ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ሚስቱ አንድ ጊዜ ሳይጠራ አነሳችው። "ሞተር ሳይክል ያዢና ነይ። በዋናው መንገድ፣ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ላይ ነን። አሁኑኑ።"

"እማዬ ምን ሆነች?"

"እማማ ደህና ናቸው። ቻርጁ አልቆ መኪናዋ ቆማብን ነው። ነይ ብቻ፣ ልብስ ልቀይር እንዳትይ።"

እማማን አቅፎ አወረዳቸው። መንገዱ ዳር ዝቅ ያለ የድንጋይ ካብ አለ፤ ጃኬቱን አነጠፈበትና ፀሐይዋ ከጀርባቸው እንድትሆን አድርጎ አስቀመጣቸው። ከፊታቸው ቆሞ አየ። ብርሃኑ የሱ ፊት ላይ ነው የሚያርፈው።

"ይታይዎታል?"

"ላብህ ሳይቀር፣" አሉ።

ሞተር ሳይክሉ ከጥላው ውስጥ ወጥቶ መጣ። ሚስቱ ገና ሳይቆም ወረደች። ነጭ ጋዎኗን አላወለቀችም፤ ፀጉሯ ከሻሿ ወጥቷል፤ በእርግጥም ከስታለች፤ ጆሮዋ ሥር እሱ የማያውቀው ሽበት አለ። "እማዬ!" ብላ እናቷ ላይ ወደቀችባቸው። ሶኬት ከሁለት እርምጃ ርቀት ቆሞ አንገቷን አየ። ሁለት ወር ሙሉ ያሰበው ያንን አንገት ነበር።

"በሉ ተነሱ ይመሻል፣" አለች ወዲያው፣ እናቷን በብብታቸው እየያዘች። "የጤና ጣቢያው መኪና መጎተቻ ገመድ አለው፣ ደውዬ ላስመጣ..."

"ተቀመጪ፣" አሉ እማማ።

"እማዬ፣ ብርድ ይመታሻል፤ ቤት ስንገባ..."

"ተቀመጪ አልኩሽ። እዚህ፣ ፊት ለፊቴ። ቀና በይ።" በሁለት እጃቸው ጉንጮቿን ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

"ምነው እንዲህ አየሽኝ?" ሚስቱ ሳቀች፤ እየሳቀችም በእናቷ ትከሻ ላይ አሻግራ ወደሱ ተመለከተች፤ እጇንም ዘረጋችለት። "አንተስ? ቆመህ ቀረህ እንዴ? ና እንጂ!"

ሊሄድ አንድ እግሩን አነሳ። ከሄደ ፊቷን ወደሱ ታዞራለች።

"መኪናዋን ልያት፣" አለ።

"ምኗን ታያታለህ፣ አልቋል አላልክም?"

"አልቋል። ቢሆንም ልያት።"

ዞሮ በመኪናዋ ማዶ ሄደና ለሁለቱ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። የመኪናዋ አፍንጫ ገና እንደሞቀ ነው፤ እጁን አሳረፈበት። ከኋላው የእማማ ድምፅ ዝቅ ብሎ ይሰማል፤ "ዝም በይ፣ አትንቀሳቀሺ፣" ይላሉ። ሚስቱ አሁንም ትስቃለች። ቀስ በቀስ ሳቋ ቀነሰ፤ ከዚያም ጨርሶ ቆመ።

"እማዬ?" አለች። "እማዬ፣ እዚህ ጋ ያለው እጄ አይታይሽም?"

ሶኬት ዞር አላለም። ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ጨብጦ፣ ፀሐይዋ እስክትገባ ባለበት ቆመ።